ከሜልቦርን አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ

አርባ ዓመት ያህል አስተማርሁ አልልም። ያስተማርሁት ሠላሳ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ነው፤ ጂኦግራፊ፣ ፍኖተ ሰላም። «ያህል» የምትባለውን ቃል ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ በቀይ ብዕር ስሰርዝ ስለ ኖርሁ፣ በስተርጅና እኔው ራሴ ብጠቀምባት የሚታዘቡኝ ብዙ ናቸው። ዛሬ የከተማውን ግማሽ ቢሮ የያዙት እነሱ ናቸውና፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ብቅ ባልሁ ቁጥር «መምህር፣ ዛሬስ ያህል ይሉን ይሆን?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚህ በታች የምተርከው ነገር እስኪደርስብኝ ድረስ ሣቄ ከልቤ ነበር።

ሰውን በዕድሜ የሚለቀው ጠባይ አለ፤ የመለካት ጠባዬ ግን አልለቀቀኝም። ከቤቴ እስከ መናኸሪያው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነበር። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባት ሆኗል። መንገዱ አልረዘመም፤ እርምጃዬ አጠረ። ጎረቤቶቼ ይህን ስነግራቸው ያዝኑልኛል። የሚያዝኑት ለጉልበቴ ይሁን ለአእምሮዬ ጠይቄ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ እቴ የሻረግ ግን መለኪያ የሚባል ነገር አይገባትም ነበር። ትኖር የነበረው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ መኪና በማይገባበት መንደር፣ እኔም በተወለድሁበት ቤት ነው። በልጅነቴ ቡሬ ከሰው ቤት ተጠግቼ ስማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን በጀርባዋ አዝላ ታመጣልኝ ነበር። «እቴ፣ መንገዱ አይርቅሽም?» ስላት፣ «ምን አላት! ትንሽ ናት» ትለኛለች። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት፣ ለልምምድ በተሰጠኝ ረጅም የብረት ሜትር ያችን «ትንሽ» ከደጃፏ ጀምሬ ለካኋት። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ሜትር ሆነች። ሮጬ ሄጄ ብነግራት፣ ጥጥ እየፈተለች ቀና ብላ አየችኝና፣ «ተመስገን! ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ደክሞኝ እቀር ነበር» አለችኝ።

እቴ የሻረግ የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ይበልጣል ይባላል። የሚኖረው ሜልቦርን፣ ከአውስትራሊያ ደቡብ ጫፍ ነው። ሥራው አቅመ ደካማ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ የሰው እናት ያጥባል፣ የሰው እናት ያጎርሳል፣ የሰው እናት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ያሞቃል። ይህን ለእናቱ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። «የእነሱ ልጆች የት ሄደው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባለፈው የካቲት እቴ የሻረግ ታመመች። እህል አልቀምስ ባለች በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ለይበልጣል ደወልሁለት። በእኛ አገር ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚረዳው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰውየውን ከመሐል አስቀምጠው፣ ደጋፊ ከግራ ከቀኙ አቁመው ነው። ሕመምም ከከፋ የመርዶ ዘመድ ነውና ይደበቃል። ስለዚህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከአራት ወር «በትክክል ግለጽ!» ስል የኖርሁት ሰው፣ «እናትህን ትንሽ አሟታል» አልሁት። ልጁ ግን የዋዛ አልነበረም። «ማክሰኞ እሳፈራለሁ» አለኝ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እቴ የሻረግ ዐረፈች። እጇን ይዤ ነበር። ሌላ የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ ሰዓቴን አየሁ።

ልክ በሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ግቢው በለቅሶ ይናወጣል። የመንደሩ አልቃሽ እመት ዘውዴ ከመሐል ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ የእቴን ሙያ እየዘረዘረች ታስለቅሳለች። ስልኩን አየሁ፤ ይበልጣል ነው።

«ዝም በሉ!» አልሁ፤ ክፍል ውስጥ እጮህበት በነበረው ድምፅ።

ስልሳ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በማስተማር ዘመኔ አግኝቼ አላውቅም። እመት ዘውዴ እጆቿን እንደ ዘረጋች ደርቃ ቀረች፤ እንባዋ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይወርዳል። ከኋላ አንዲት ሴት ሳግ ያዛትና በየመካከሉ «ህቅ» ትላለች።

«አጎቴ፣ ልሳፈር ነው» አለ ይበልጣል፤ «እናቴ እንዴት አደረች?»

ዞር ብል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቁብኛል፤ እንዳትነግረው።

«ያው ነው። ትንሽ አሟታል።»

«ህቅ» አለች ሴትዮዋ።

«ምንድን ነው? ሰው አለ እንዴ?»

«ማኅበር ነው። ጠላው ጠንከር ብሎ…»

«እንግዲያው እናቴን አገናኙኝ።»

«አሁን ተኝታለች» አልሁት።

«ተኝታለች? ተመስገን። አይቀስቅሷት።»

«አልቀሰቅሳትም» አልሁ። በዚያ ጠዋት ከተናገርሁት ሁሉ እውነት የነበረችው ይህች ብቻ ናት።

ስልኩ እንደ ተዘጋ እመት ዘውዴ ካቋረጠችበት ቃል ቀጠለች።

ሽማግሌዎች ወደ አጥሩ ጥግ ጠሩኝ። ቄሰ ገበዙ፣ የዕድሩ ዳኛ አያ ቢተውና ሌሎች ሦስት ነበሩ። ነገሩ ከባድ ነበር፤ አንድ ልጅ ያላት እናት ልጇ አፈር ሳያለብሳት ልትቀበር ነው። ቄሰ ገበዙ ለደንቡ ቆራጥ ቢሆኑም፣ እቴ የሻረግን ይወዷት ነበር።

«አስከሬን ከነገ አያልፍም» አሉ። «ነገ ግን ሙሉ ቀን አለ። መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ያሉትን ሰዓት እንጠብቃለን።»

አንባቢዬ ሆይ፣ በዚያ ሰዓት «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። የተማረ ሰው ሁልጊዜ የሚችለው፣ አንድ ጊዜም የማያደርገው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቅል አምጡልኝ አልሁ።

ክብ ቅል መጣልኝ። በከሰል ወገቡ ላይ የምድርን መቀነት አሰመርሁ፤ አዲስ አበባን ከመቀነቱ ከፍ፣ ሜልቦርንን ከመቀነቱ ዝቅ አድርጌ በኬክሮስና በኬንትሮሳቸው አስቀመጥኋቸው። ቅሉ በአንድ ወገን ሞላ ያለ ስለ ነበር ለዚያም ማስተካከያ አደረግሁለት። ፈትል ስጠይቅ፣ ከእቴ የሻረግ እንዝርት ላይ የቀረውን አመጡልኝ፤ ያን ሳምንት ልትጨርሰው የነበረውን። ያን ፈትል ከከተማ ወደ ከተማ ወጥሬ ስለካው የመቀነቱ ሦስት አሥረኛ ሆነ።

«አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር» አልሁ። «አውሮፕላን በሰዓት ዘጠኝ መቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ዛሬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሃያ አዲስ አበባ ይገባል። በጠዋቱ አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። አንድ ሰዓት ለእንግዳ ነገር ጨምሬለታለሁ። ነገ በስድስት ሰዓት ከዚህ ደጃፍ ይቆማል።»

ሽማግሌዎቹ ቅሉን በአክብሮት ተመለከቱት። አያ ቢተው ብቻ ጢሙን እየዳበሰ ጠየቀኝ፦

«መምህር፣ ይኸ አውሮፕላን መንገድ ላይ አያርፍም?»

«የት ያርፋል? ሰማይ ላይ?»

«እንጃ። ፈረስም ቢሆን ውኃ ይጠጣል ብዬ ነው።»

ሳቅሁበት። እህቴ በተኛችበት ቤት ደጃፍ፣ በፈትሏ ለክቼ፣ በአያ ቢተው ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ማንም ጠይቆኝ አይደለም። ቅሉንም ወዲያው አንዲት ሴት ለውኃ ፈልጋ ወሰደችው፤ ስታጥበው አውስትራሊያን በመዳፏ ጠረገቻት።

ረቡዕ ከአራት ሰዓት ጀምሮ የሁለት አጥቢያ ሰው ተሰብስቦ መንገድ መንገድ ያያል። አያ ቢተው ከኩይሳ ላይ ወጥቶ ይጠባበቃል። በአምስት ሰዓት ተኩል ከታች አቧራ ተነሣ፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«መጣ!» አለ አያ ቢተው።

እመት ዘውዴ ግንባር ቀደም ሆና፣ ሕዝቡ «ልጄ፣ ልጄ፣ ምን አየህ!» እያለ ቁልቁል ተመመ። ከሞተር ብስክሌት የወረደውን ወጣት ከበው አንገቱን አቅፈው አለቀሱበት። ወጣቱ በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ አብሮ ማልቀስ ጀመረ። በመጨረሻ ሳጉ ጋብ ሲልለት፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ… እኔ ስለ ማዳበሪያ ላነጋግራችሁ ነው የመጣሁት» አለ። አዲስ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ነበር። ያን ሁሉ ተለቅሶበት ትቶን ለመሄድ አፍሮ፣ እስከ ቀብሩ ፍጻሜ አብሮን ቆየ። ጠባየ ሸጋ ልጅ ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሕዝቡ መንገዱን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ስሌቱን በልቤ ሁለት ጊዜ ደገምሁት፤ ስህተት የለበትም። ሰው በስሌቱ ውስጥ ስህተት ሲያጣ እንደሚፈራው ያለ ፍርሃት የለም።

ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር። ዝም በሉ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም።

«አጎቴ፣ ባሕር ዳር ገባሁ! ይኸ የሰው ስልክ ነው፤ የእኔ እዚህ አይሠራም። እንዴት ዋለች?»

«ምነው ቆየህ?»

«ቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን የለማ! አሥራ አራት ሰዓት በረርን፣ በረሃ አገር ስድስት ሰዓት ዐረፍን፣ ደግሞ አራት ሰዓት በረርን።»

አያ ቢተውን ላለማየት ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞርሁ። ነገር ግን በልቤ ደመርሁ፦ ባሕር ዳር ከሆነ፣ አሁን ከተነሣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ይደርሳል! ስልኩን በመዳፌ ከድኜ ለሽማግሌዎቹ ነገርኋቸው።

«ቶሎ ና በሉት» አለ አንደኛው።

«ቶሎ ከተባለ ይጠረጥራል፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሆናል» አለ ሌላው።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ና ይበሉት።»

«ቀስ ካለማ መቼ ሊደርስ ነው?»

«መካከለኛ ነገር ይበሉት እንጂ!»

መካከለኛ ነገር። «እንደ ተመቸህ ና፤ ምንም አትል» አልሁት።

ድምፁ ፈካ። «እንደዚያ ከሆነማ፣ እዚህ ሁለት ጉዳይ አለኝ፤ ጨርሼ እመጣለሁ» አለና ዘጋ።

መልሼ ስደውል ያነሣው የስልኩ ባለቤት ነው። «ልጁ ሄዷል፤ አመስግኖኝ ሄዷል» አለኝ። «ወዴት?» አልሁት። «እኔ ምን ዐውቃለሁ አባቴ? ፊቱ ላይ ግን ደስታ ነበረ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። ቄሰ ገበዙ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ። «መምህር፣ ቀኑ ጾም ነው፤ ካህናቱ ከሌሊት ጀምሮ ቆመዋል፤ ደጅ ያለው ሰውም የሩቅ ነው።» በአሥር ሰዓት እቴ የሻረግን ቀበርናት። ልጅ በሚቆምበት ቦታ እኔ ቆምሁ። ከጎኔ የግብርናው ልጅ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ለቀስተኛው በመበተን ላይ ሳለ፣ ይበልጣል ከቡሬ አቅጣጫ ብቅ አለ። ራሴ አላየሁትም፤ ያዩት ነገሩኝ። ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው፤ ሻንጣው በአንድ ትከሻው፣ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር በራሱ ላይ ተደፍቶ። ጠባቧ መንገድ ላይ የሚመለሰው ሰው በረድፍ ገጠመው፤ ነጠላው ሁሉ ለለቅሶ የተጣፋ ነው።

«ደህና ዋላችሁ? ከየት ነው?» ይላቸዋል።

መርዶ መንገድ ላይ አይረዳምና፣ «ከማኅበር» ይሉታል።

ቀጣዩን ይጠይቃል፤ «ከማኅበር።» ከዚያም የሚቀጥለውን። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ዐይኑን እየሰበረ «ከማኅበር» እያለው አለፈ። ከረድፉ መጨረሻ የነበረው የግብርናው ልጅ ብቻ ደንቡን አያውቅም ነበር። ወንበሩን ከይበልጣል ራስ ላይ ተቀብሎ አብሮት ተመለሰ።

ከደጃፉ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከግራ ከቀኝ ሊይዙት ተነሡ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ፤ አላለቀሰም።

«አጎቴ፣ መቼ ነው?»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ…»

«እርስዎ ሰዓት ያውቃሉ። ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ትናንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር።»

«እኔ የደወልሁት?»

«በሦስት ሰዓት።»

«ቀብሩስ?»

«ዛሬ በአሥር ሰዓት።»

«በአሥር ሰዓት ገና እንጅባራ አልደረስሁም ነበር» አለ፤ «ወንበሩ ከመኪናው ጣራ ላይ ተላቆ፣ እንደ ገና ሳሳስር። ባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ለሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ አስያዝሁላት፤ ቀጥሎ ይኸን ፈለግሁ። ሰፊ ጎማ ያለውን መረጥሁ፣ ለገጠር መንገድ ይሆናል ብዬ። እኔው ራሴ ተቀምጬ ሞከርሁት።» ከዚያም ድምፁን ሳያነሣ፣ «እንደ ተመቸህ ና አሉኝ እኮ» አለ።

በቅሉ ተሳስቼ አልነበረም። ዛሬም ማንም ቢለካው አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በረሃው ላይ ያረፈበትን ስድስት ሰዓት ጨምረን እንኳ ልጁ ከቀብሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርስ፣ እናቱንም አፈር ያለብስ ነበር። ያስቀረው ያ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያን ሁለት ሰዓት ተኩል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በመካከለኛ ቃል።

ይበልጣል ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ወንበሩን ለእኔ ተወልኝ፤ «ጉልበትዎ ከባሰ» ብሎ። በሐዘኑ ሰሞን አንድ ቀን እንኳ እንባ አላፈሰሰም፤ ሴቶቹ ይህን እየተቀባበሉ ያወሩ ነበር። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስሸኘው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ከእንግዲህ እርስዎን ሲያምዎ በቁጥር ይንገሩኝ።» ቃል ገባሁለት። በየእሑዱ ሲደውል የደም ግፊቴን፣ የተኛሁበትን ሰዓት፣ የተራመድሁትን እርምጃ አስመዘግበዋለሁ። የሚጽፈው ይመስለኛል፤ ወረቀት ሲገለጥ እሰማለሁ።

ባለፈው ወር ጉንፋን ያዘኝ። እሑድ ሲደውል አፍንጫዬ ታፍኗል፤ የሙቀት መለኪያዬም ከእጄ ወድቆ ከተሰበረ ሁለት ቀኑ ነበር። ቁጥር አጣሁ።

«እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ትንሽ አሞኛል» አልሁት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጉንፋን ነው!» አልሁ ጮኼ። «ይበልጣል፣ እውነተኛ ትንሽ ነው! ጉንፋን!»

«እሺ፣ አጎቴ» አለ። ከወዲያ መሳቢያ ሲከፈት ይሰማኛል፤ ቀጥሎም የሻንጣ ዚፕ። «እሺ። ይተኙ።»

ሃያ ጊዜ ደወልሁ፤ አላነሣም። በዚህ ጊዜ ቅል አላስመጣሁም፣ ፈትልም አልወጠርሁም። በሩን ሳልቀረቅር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ይበልጣል ጫማው አቧራ ለብሶ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ቆሟል። ባሕር ዳር ላይ ውኃ እንኳ አልጠጣም፤ ከአውሮፕላን ወደ መኪና ነበር። መጀመሪያ ያየው ባዶውን ተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ከጥግ አስቀምጬው ሬዲዮዬን ደግፌበት ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቀጥሎ እኔን ከመስኮቱ ሥር፣ በጋቢዬ ተጠቅልዬ አገኘኝ።

ልናገር ስል አስነጠሰኝ፤ ሦስት ጊዜ።

ቦርሳው ከትከሻው ወረደ። ከደፉ ላይ ቁጭ አለና ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ጎረቤቶች መምህር ሞተ ብለው እየጮኹ መጡ፤ እኔን ሲያዩ ደግሞ ደንግጠው ጮኹ። ማንንም ዝም በሉ አላልሁም።

ብዙ ቆይቶ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ ቀና አለ።

«ደረስሁ?» አለኝ።

«ደረስህ» አልሁት።